ፎም ሮለር፦ ስንት ደቂቃ፣ የት ላይ፣ በምን ያህል ጫና?
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ከጅማ የደረሱንን ደብዳቤዎች በዚህ ዕትም አንድ ላይ አቅርበናል። ሁሉም የሚጠይቁት ጂም ጥግ ስለምናየው፣ ተኝተንበት እየተንከባለልን ጡንቻችንን ስለምናሽበት ባለ ቱቦ ቅርጽ ፎም ሮለር ነው። ከደብዳቤዎቹ አብዛኞቹ «ካላመመ አይሠራም» ከሚል እምነት የተነሡ ናቸው። በዚህ እምነት ፈጽሞ አንስማማም፤ ምክንያቱን በየመልሶቹ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ጥያቄ፦ አጂፕ አካባቢ ጂም እሠራለሁ። የምገባው ጠዋት 12 ሰዓት ነው። ስኳት (ቁጭ ብድግ) ከመጀመሬ በፊት ሮለር ላይ 20 ደቂቃ እቆያለሁ፤ መጀመሪያ ባቴን፣ ቀጥሎ ጭኔን፣ መጨረሻ ጀርባዬን። ከዚያ ቀጥታ ብረት እሸከማለሁ። ግን ዝቅ ስል ተረከዜ ከመሬት ይነሣል፣ የመጀመሪያዎቹ ዙሮችም እንደ ድንጋይ ይከብዱኛል። ምን እያጠፋሁ ነው?
— ከአጂፕ

መልስ፦ ወንድማችን፣ ችግሩ ጊዜውና ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በጅማ የማለዳ ብርድ 20 ደቂቃ ወለል ላይ ተጋድመህ ስትንከባለል ሰውነትህ አይሟሟቅም። የልብ ምትህ ዝቅ እንዳለ ይቆያል፣ የጡንቻህ ሙቀትም ከፍ አይልም።

ሮለር ከስፖርት በፊት የሚሰጠው ጥቅም አንድ ነው፤ መገጣጠሚያህ ለጥቂት ደቂቃዎች ከወትሮው ሰፋ አድርጎ እንዲታጠፍና እንዲዘረጋ ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ2013 በታተመ ጥናት 11 ወንዶች የፊት ጭናቸውን ለአንድ አንድ ደቂቃ ሁለት ጊዜ ሮለር ላይ አንከባለሉ። ከ2 ደቂቃ በኋላ የጉልበታቸው የመታጠፍ መጠን በ10 ዲግሪ ገደማ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላም በ8 ዲግሪ ገደማ ጨምሮ ተገኘ። የጡንቻው ኃይልም አልቀነሰም። ከዚያ በኋላ የተሠሩ ጥናቶችም ወደዚሁ ያመለክታሉ። ጥቅሙ አለ፤ ግን ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይጠፋል። አንተ ከባትህ ጀምረህ 20 ደቂቃ ስትቆይ፣ ብረቱ ሥር እስክትገባ ድረስ የባትህ መላላት አብዛኛው አልፏል ማለት ነው። ተረከዝህ የሚነሣበት አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል።

እንዲህ አድርገው። መጀመሪያ ለ5 ደቂቃ ገመድ ዝለል ወይም ብስክሌቱ ላይ ተቀመጥ፤ ግንባርህ ወዝ ሲጀምር ይበቃል። ከዚያ ሮለር፣ በጠቅላላው ከ4 ደቂቃ ያልበለጠ። ባት በእያንዳንዱ እግር 30 ሰከንድ፣ የፊት ጭን በእያንዳንዱ 30 ሰከንድ፣ መቀመጫ በእያንዳንዱ ጎን 30 ሰከንድ፣ የላይኛው ጀርባ 30 ሰከንድ። ወዲያው ተነሥና በተከፈተልህ ስፋት ተንቀሳቀስ። እግርህን ወደ ፊትና ወደ ኋላ 10 ጊዜ ወዝውዝ፣ በእያንዳንዱ እግር 8 ጊዜ ወደ ፊት ተራምደህ ጉልበትህን ዝቅ አድርግ፣ በመጨረሻ ያለ ክብደት 10 ስኳት ሥራ፤ ታች ስትደርስ 2 ወይም 3 ሰከንድ ቆይ። ቀጥሎ ባዶውን ባለ 20 ኪሎ ብረት 8 ጊዜ፣ ከዚያ የዕለቱን ክብደት ግማሽ፣ ከዚያ ሁለት ሦስተኛውን። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች የሚከብዱህ ይህን መወጣጫ ስለምትዘል ነው።

አሠራሩን በዝርዝር እንይ፤ አብዛኛው ስሕተት እዚህ ላይ ነውና።

ለባት መሬት ላይ ተቀመጥ፣ ሮለሩን ከባትህ ሥር አድርግ፣ እጆችህን ከኋላህ መሬት ላይ ደግፍ። ከቁርጭምጭሚት በላይ ካለው ጅማት ትንሽ ከፍ ብለህ ጀምርና ከጉልበት በታች አራት ጣት ሲቀር አቁም። ቋንጃህ ውስጥ አትግባ፤ የደም ሥሮችና ነርቮች እዚያ ከቆዳ ቅርብ ናቸው። ከላይ እስከ ታች አንዱ ጉዞ ከ3 እስከ 4 ሰከንድ ይፍጅ። የሚያም ቦታ ስታገኝ ቁምና የእግርህን ጣቶች 5 ጊዜ ወደ ራስህ ሳብ፣ 5 ጊዜ ወደ ፊት ዘርጋ። መቀመጫህን መሬት ላይ ካሳረፍክ ጫናው ይቀንሳል፤ ሌላኛውን እግር ከላይ ከደረብክ ይጨምራል።

ለፊት ጭን በደረትህ ተኝተህ ክንዶችህ ላይ ተደገፍ። ሮለሩ ከጉልበት ሎሚ አራት ጣት ከፍ ብሎ ይጀምርና ብሽሽት ጋ ሲደርስ ይመለስ። ሆድህን ጠበቅ አድርግ፤ ወገቡን ወደ መሬት የሚያረግብ ሰው ጭኑን ሊያላላ ገብቶ ወገቡን ይዞ ይነሣል። የሚያም ቦታ ላይ ቆመህ ጉልበትህን 4 ወይም 5 ጊዜ እጠፍና ዘርጋ። በእኛ ልምድ ከመንከባለሉ ይልቅ ይህ ማጠፍ የበለጠ ይጠቅማል።

ለመቀመጫ ሮለሩ ላይ ተቀምጠህ የአንዱን እግር ቁርጭምጭሚት በሌላው ጉልበት ላይ አድርግና ወደዚያው ጎን ዘንበል በል። ለላይኛው ጀርባ ጭንቅላትህን በሁለት እጅህ ደግፍ፣ ከትከሻ አጥንትህ የታችኛው ጫፍ እስከ ትከሻህ ድረስ ሂድ። ከጎድን አጥንት በታች አትውረድ።

የጫናው ልክ ይኸውና። ምንም አለመሰማት 0፣ የማይቻል ሕመም 10 ቢሆን ከ5 እስከ 6 ላይ ሁን። ትንፋሽህን ከያዝክ፣ ፊትህን ካጨማደድክ ወይም ጡንቻህ ራሱን ለመከላከል ከጠነከረ አልፈሃል። ያኔ ጡንቻው የሚላላ ሳይሆን የሚታገል ነው።

ስለ ተረከዝህ አንድ ፈተና አድርግ። ጫማህን አውልቅ፣ የአውራ ጣትህን ጫፍ ከግድግዳ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ አርቅ፣ ተረከዝህ መሬት ሳይለቅ ጉልበትህን ግድግዳ ለማስነካት ሞክር። ካልደረሰና ባትህ ላይ መወጠር ከተሰማህ የባት ሮለርና ይኸው እንቅስቃሴ 10 ጊዜ በየእግሩ ይረዳሃል። ከቁርጭምጭሚትህ ፊት ለፊት የሆነ ነገር ሲቆነጥጥህ ከተሰማህ ግን ችግሩ መገጣጠሚያው ውስጥ ስለሆነ ሮለር አይፈታውም። ያን ጊዜ ከየተረከዝህ ሥር ባለ 2.5 ኪሎ ብረት አንጥፈህ ሥራ፣ ፊዚዮቴራፒስትም አማክር።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ጠዋት ከጓደኞቼ ጋር ወደ ጅሬን፣ እስከ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ ዳገቱን ሮጠን ወጥተን ሮጠን እንወርዳለን። ዕለቱን ደህና ነኝ፤ ሰኞ ግን ደረጃ መውረድ ያቅተኛል። ማታ ማታ ጎኔን ከዳሌ እስከ ጉልበት ጠንካራ ሮለር ላይ እንባዬ እስኪመጣ እጫነዋለሁ። ቆዳዬ በልዟል። ልቀጥል?
— ሯጭ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህታችን፣ አትቀጥዪ። የበለዘው ቦታ ቀለሙ ጠፍቶ ስትነኪው እስከማያምሽ ድረስ ሮለር አይንካው። ብልዘት ማለት ከቆዳሽ ሥር ያሉ ትንንሽ የደም ሥሮች ተበጥሰው ደም ፈስሷል ማለት ነው፤ ሕክምና አይደለም።

ከዳሌ እስከ ጉልበት በጎን የሚወርደው ጠንካራ ሽፋን ጡንቻ ሳይሆን ወፍራም የጅማት ዝርግ ነው። በሰው ክብደት ተጭነሽ አታስረዝሚውም፤ ይህን ዓይነቱን ሽፋን በጥቂቱ እንኳ ለመለወጥ የሚያስፈልገው ኃይል ሰውነት ሊሸከመው ከሚችለው በላይ መሆኑ ተሰልቷል። እዚያ ላይ የሚያምሽ፣ ከሥሩ ያለው የጭን ጡንቻ በሮለሩና በአጥንቱ መካከል ስለሚጨፈለቅ ነው። ዝርጉን የሚወጥሩት ጡንቻዎች ያሉት ከላይ ነው። አንዱ ከሱሪሽ የፊት ኪስ ሥር፣ ከዳሌ አጥንት ጫፍ ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው፤ ሌላው መቀመጫሽ ነው። በደረትሽ ተኝተሽ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብለሽ የመጀመሪያውን ለ45 ሰከንድ፣ መቀመጫሽን ለ60 ሰከንድ አንከባልዪ። ጎንሽን ተዪው።

የሰኞው ሕመም ምክንያት ዳገቱ ሳይሆን ቁልቁለቱ ነው። ስትወርጂ የፊት ጭንሽ ጡንቻ በእያንዳንዱ እርምጃ እየተለጠጠ ክብደትሽን ይገታል። በጡንቻ ክሮች ላይ ጥቃቅን ጉዳት የሚያደርሰው በዋናነት እንዲህ ያለው ሥራ ነው። ሕመሙ ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ጫፍ ላይ ይደርሳል፣ ለዚህ ነው ከእሁድ ይልቅ ሰኞ የሚብሰው።

ሮለር እዚህ ላይ ምን ያህል ይረዳል? እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ፣ 21 ጥናቶችን ያሰባሰበ ግምገማ፣ ከስፖርት በኋላ ሮለር መጠቀም የሚሰማንን የጡንቻ ሕመም በአማካይ 6 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ትንሽ ናት፣ ግን ለብዙ ሰው የሰኞን ደረጃ ቀለል ለማድረግ ትጠቅማለች። ስለዚህ ከሩጫው እንደተመለስሽ 5 ደቂቃ ተራመጂ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ ከዚያ የፊት ጭን፣ የኋላ ጭን፣ ባትና መቀመጫ እያንዳንዳቸውን ከ60 እስከ 90 ሰከንድ። እሁድና ሰኞ ማታ ድገሚው፤ በታመመ ጡንቻ ላይ ግን ጫናው ከ4 አይብለጥ። ጠንካራውን ሮለር ለጓደኛሽ አውሺና ለስላሳ ፈልጊ፣ ወይም በጠንካራው ላይ ወፍራም ፎጣ ጠቅልዪበት።

ከሮለሩ ይልቅ አብልጦ የሚጠብቅሽ ግን ቁልቁለቱን ቀስ በቀስ ማስለመድ ነው። ለሁለት ሳምንት ግማሹን ቁልቁለት በእርምጃ ውረጂ፣ ቀሪውን እርምጃሽን አሳጥረሽ ሩጪ፤ ከዚያ ጨምሪ። ጡንቻ አንድ ጊዜ ቁልቁለት ከቀመሰ በኋላ ለሳምንታት ያህል ለተመሳሳይ ሥራ ይጠነክራል። ወር ዘልለሽ ስትመለሺ ግን እንደገና እንደ አዲስ ሊያምሽ ይችላል።

ከሁለት ነገሮች አንዱ ከታየ ሮለሩን አስቀምጠሽ በቀጥታ ወደ ሕክምና ሂጂ። አንዱ ሽንትሽ ኮካ ኮላ መስሎ ከጠቆረ ነው፤ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን እያስቸገረ ሊሆን ይችላል። ሌላው የአንድ እግር ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ነው፤ ይህ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል ማሸትም ሆነ ማንከባለል አደገኛ ነው።

ጥያቄ፦ ሮለር ላክቲክ አሲድ ያስወጣል ይባላል። እውነት ነው? ከወጌሻ እጅስ በምን ይለያል?
— ከቂጦ ፉርዲሳ ካምፓስ

መልስ፦ አይደለም። ላክቲክ አሲድ የሚባለው ነገር ስፖርቱ ካበቃ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ራሱ ይጠራል። በነጋታው ለሚመጣው ሕመም ተጠያቂ አይደለም። ሮለር «የተጣበቀ ሥጋ ያላቅቃል» የሚለውም አልተረጋገጠም፤ ይበልጥ የሚታመነው የነርቭ ሥርዓቱ ጫናውንና መወጠሩን ለጊዜው እንዲታገሥ ያደርጋል የሚለው ነው። ልምድ ላለው ወጌሻ ወይም ፊዚዮቴራፒስት እጅ ሮለር ምትክ አይሆንም፤ እጅ የሚሰማውን ሮለር አይሰማም። ሮለር የሚበልጠው በየቀኑ፣ በራስ ጊዜ፣ ያለ ክፍያ መገኘቱ ነው።

ጥያቄ፦ ከ13 እስከ 16 ዓመት ያሉ 20 ታዳጊዎችን እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሣ ገና ሕፃናት ነበሩ፤ ዛሬ ያንን መለያ ለመልበስ ይለፋሉ። ለሮለር የሚሆን በጀት የለንም። ከፍራሽ ስፖንጅ ጠቅልለን ሠርተን ነበር፣ በሁለት ሳምንት ጠፍጥፎ ቀረ። ሜዳችንም ክረምት ላይ ጭቃ ነው። ምን ትመክሩናላችሁ?
— አሰልጣኝ፣ ከጅማ

መልስ፦ አሰልጣኝ፣ የፍራሽ ስፖንጅ ቀዳዳዎቹ ክፍት ስለሆኑ ከክብደት ሥር ይጠፈጠፋል፣ ላብና ውሃም ይመጥጣል። የሚያስፈልግዎ መሐሉ ጠንካራ፣ ውጭው ደግሞ ውሃ የማያስገባ ፎም ነው። በዚህ መንገድ ይሥሩት፤ ለአንድ ሮለር የሚሆነው ይህ ነው።

ከሕንፃ ዕቃ ሱቅ ባለ 110 ሚሊ ሜትር የፍሳሽ ፒቪሲ ቱቦ ይግዙ፤ የግድግዳው ውፍረት ከ3 ሚሊ ሜትር አይነስ። ቀጭኑ ዓይነት ከጭን ሥር ይሰነጠቃል፣ ስንጥቁም ይቆርጣል። በሴጌቶ 40 ሳንቲ ሜትር ይቁረጡ፤ ከአንድ ባለ 4 ሜትር ቱቦ ዘጠኝ ያህል ይወጣል። ጫፎቹን ከውስጥም ከውጭም በብርጭቆ ወረቀት ይሞርዱ። ከላይ ገጹንም በስሱ ይፋቁት፤ ልስልስ ፒቪሲ ማጣበቂያ አይዝም።

ለሽፋኑ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የስፖርት ምንጣፍ ይጠቀሙ። ሁለት ዙር ሲጠቀለል ውፍረቱ በሁሉም አቅጣጫ 20 ሚሊ ሜትር ስለሚጨምር ሮለሩ በአጠቃላይ 15 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፤ ሱቅ ውስጥ የሚሸጠው የተለመደ መጠን ይኸው ነው። ለዚህ 40 በ82 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቁራጭ ይበቃል፤ 85 ቆርጠው መጨረሻ ላይ ቢያስተካክሉት ይሻላል። ማስቲሹን መጀመሪያ በትርፍ ቁራጭ ላይ ይሞክሩት፤ አንዳንዱን ፎም ያቀልጣል። ካላቀለጠ ቱቦውንም ምንጣፉንም በስሱ ቀቡ፣ እጅ ላይ መጣበቅ እስኪተው 10 ደቂቃ ገደማ ይጠብቁ፣ ከዚያ እየወጠሩ ይጠቅልሉ። ሳይደርቅ የተጠቀለለ ሽፋን ሲንከባለሉበት ይንሸራተታል። ሥራውን አየር በሚገባበት ቦታ ያድርጉት። የመጨረሻውን ጠርዝ በናስትሮ ዙሪያውን ይሰሩት፣ አንድ ቀን ሙሉ ይተዉት። በመጨረሻ እርስዎ ራስዎ ቆመውበት ይፈትኑት፤ ድምፅ ካሰማ ለልጅ አይስጡት።

እንዲህ የተሠራ ሮለር ከሱቁ ይልቅ ጠጠር ይላል። ስለዚህ ልጆቹ ሁልጊዜ በአንድ እግርና በሁለት እጅ ክብደታቸውን ቀንሰው ይጠቀሙ።

አራት ሮለር ካለዎት 20ውን ልጆች በ4 በ4 ለአምስት ቡድን ይክፈሉ። አንዱ ቡድን ሮለር ላይ፣ ሁለተኛው ቀላል ሩጫ፣ ሦስተኛው ዳሌና ቁርጭምጭሚት ማንቀሳቀስ፣ አራተኛው አጭር ቅብብል፣ አምስተኛው ኳስ ንጥቂያ። በየ2 ደቂቃው ይቀያየሩ፣ በ10 ደቂቃ ይጠናቀቃል። በ2 ደቂቃ ውስጥ ባትና የፊት ጭን፣ በየእግሩ 30 ሰከንድ ይበቃል። መጨረሻ ላይ ሁሉም 3 ደቂቃ እየፈጠነ የሚሄድ ሩጫ ይሥሩ፤ ሮለር ላይ መጀመሪያ የነበረው ቡድን እንዳይቀዘቅዝ ነው። ጭቃ ሲሆን የሮለሩን ቦታ መጋረጃ ወይም ላስቲክ ያንጥፉበት፤ ፎም ላይ የተጣበቀ አሸዋ ቆዳ ይልጣል።

በዚህ ዕድሜ ልዩ ጥንቃቄ የሚፈልግ ቦታ አለ። ከጉልበት ሎሚ በታች፣ ከፊት ያለችው የአጥንት ጉብታ በሚያድጉ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ ታብጣለች፣ ታምማለች፤ በተለይ ሩጫና ምት በበዛ ጊዜ። እዚያ አጥንት ላይ ሮለር ፈጽሞ አይደረግም። የፊት ጭኑን ቀስ ብሎ ማንከባለል ይቻላል፤ ዋናው ግን ሕመሙ እስኪበርድ የዝላይና የምት ልምምዱን መቀነስ ነው።

ስለ ንጽሕና አንድ ቃል። ጭርት በጋራ ዕቃ ይተላለፋል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ፎጣ ያንጥፍበት፣ ከልምምድ በኋላ በሳሙናና ውሃ ይታጠብ፣ ጥላ ውስጥ አየር ላይ ቆሞ ይድረቅ። በጅማ ክረምት እርጥብ ሮለር ከረጢት ውስጥ ከታሰረ በጥቂት ቀን ይሸታል፣ ይሻግታል። ጠራራ ፀሐይም ፎሙን ያደርቅና ይሰነጥቀዋል።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ፣ ዕድሜዬ 61። ልጄ ከአዲስ አበባ ሮለር ልኮልኛል። ወገቤን ያመኛል፣ ስኳርም አለብኝ፣ ባቴ ላይ ደግሞ ያበጡ ሰማያዊ ደም ሥሮች አሉ። ልጠቀም?
— እናት፣ ከፈረንጅ አራዳ

መልስ፦ እማማ፣ መጀመሪያ የማይጠቀሙበትን ቦታ እንንገርዎ። ያበጡት ደም ሥሮች ላይ አይደረግም። ወገብዎ ላይም አይደረግም፤ ከጎድን አጥንት በታች አከርካሪውን ከጎን የሚደግፍ አጥንት የለም። ሮለሩ ከሥር ሲገፋ ወገብ ወደ ፊት ይለመጣል፣ ጡንቻውም ሊከላከል ይጨማደዳል፣ የበለጠ አምሞዎት ይነሣሉ። ስኳሩ የእግርዎን ስሜት ቀንሶት እንደሆነ፣ ማለትም ውስጥ እግርዎ የሚደነዝዝ ወይም ጠጠር ሲወጋዎት የማይታወቅዎ ከሆነ፣ እግርዎ ሥር ኳስም ሆነ ሮለር አያድርጉ፤ ቁስል ሳይሰማዎት ሊፈጠር ይችላል። ደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ወይም አጥንትዎ መሳሳቱ ተነግሮዎት ከሆነ፣ ከመጀመርዎ በፊት ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ሐኪም የሚያስጠይቅ ነገር ከሌለብዎ፣ መሬት ላይ መውረድ ሳያስፈልግ ግድግዳ ላይ ይጠቀሙበት። ጀርባዎን ለግድግዳ ሰጥተው ሮለሩን በጀርባዎና በግድግዳው መካከል፣ በትከሻ አጥንቶችዎ ከፍታ ያድርጉ። እግሮችዎን ከግድግዳው አንድ እርምጃ አርቀው ጉልበትዎን በትንሹ እያጠፉና እየዘረጉ ለ30 ሰከንድ ከፍ ዝቅ ይበሉ። ለመቀመጫዎ የቴኒስ ኳስ ይሻላል። በጎንዎ ግድግዳ ተደግፈው ኳሱን ከዳሌ አጥንት በስተኋላ፣ ሥጋው ላይ ያድርጉና በየጎኑ 30 ሰከንድ ዘንበል ይበሉበት። በተንሸራታች ወለል ላይ ካልሲ ብቻ አድርገው አይሞክሩት፣ ከፊትዎም ወንበር ይኑር።

የወገብ ሕመምዎ ወደ እግር የሚወርድ፣ የሚያደነዝዝ ወይም እግር የሚያሰንፍ ከሆነ ግን ሮለሩን ትተው ይመርመሩ። ሽንት መቆጣጠር ካቃተዎት ወይም መቀመጫዎ አካባቢ ከደነዘዘ ቀጠሮ ሳይጠብቁ በዚያው ቀን ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሜዲካል ሴንተር ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ጥያቄ፦ ባለፈው ሳምንት በጨዋታ ላይ የተከላካይ ጉልበት የፊት ጭኔን መታኝ። አብጦ ጠንክሯል። ጓደኞቼ «ደሙ እንዲበተን በሮለር ጨፍልቀው» ይሉኛል። አንድ ሌላ ልጅ ደግሞ ሲሮጥ የኋላ ጭኑ «ጧ» ብሎበት ያነክሳል። ለእሱም ይሆናል?
— ተጫዋች፣ ከጅማ

መልስ፦ ለሁለታችሁም አይሆንም፤ ምክንያቱ ግን ይለያያል።

ያንተ ጭን ውስጥ ደም ፈስሷል። ገና ትኩስ ሳለ ሲጨፈለቅ፣ ሲታሽ ወይም በሙቅ ውሃ ሲታጠን መድማቱ ይጨምራል። ከዚህ የከፋው ደግሞ የተመታ ጡንቻ ውስጥ ከሳምንታት በኋላ አጥንት የሚያድግበት ሁኔታ መኖሩ ነው፤ ቀድሞ በኃይል ማሸት ለዚህ ከሚያጋልጡት አንዱ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚደረገው በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ የማያስጨንቅ ፋሻ፣ እና ጉልበትን ሕመም እስከማይፈጥር ድረስ አጥፎ ማሳረፍ ነው። አንተ ሳምንት ስላለፈህ አሁን የምትለካው ጉልበትህን ነው። በደረትህ ተኝተህ ተረከዝህ ወደ መቀመጫህ ምን ያህል እንደሚቀርብ በየቀኑ እይ። እየተሻሻለ ከሆነ በቀላል ብስክሌትና በእርምጃ ቀጥል። 90 ዲግሪ የማይታጠፍ ከሆነ፣ ወይም እብጠቱ እንደ እንጨት እየጠነከረ ከሄደ ሐኪም ይየው። ጭኑ በፍጥነት እየተወጠረ ሕመሙ ከአቅም በላይ ከሆነ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ነው።

የጓደኛህ «ጧ» ያለ ጡንቻ ተሰንጥቋል። ለተሰነጠቀ ክር ጫና መልሶ መቅደድ ነው። በቀጥታ ስንጥቁ ላይ ሮለር የሚታሰበው ሳያነክስ ሲራመድ፣ በእጅ ሲጫኑት ሲያመው ሲተው፣ እና በጀርባው ተኝቶ የታመመውን እግር እንደ ጤነኛው ያህል ከፍ ማድረግ ሲችል ነው። እስከዚያው ባቱንና መቀመጫውን በቀላሉ ማንከባለል ይችላል፤ ከታመመው ቦታ አንድ ስንዝር ይራቅ። ሜዳ ላይ የሚመለሰውም ሮለሩ ስላላመመው ሳይሆን ሙሉ ፍጥነት ሮጦ፣ ድንገት ቆሞና ዞሮ ምንም ካልተሰማው በኋላ ነው።